ከአገር ቤት የተላከ ፎቶ ኤዲቲንግ ውስጥ አልገባ ሲል ምን እናድርግ?

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ወጣ ብለን የሙት ዓመት፣ የሠርግ ወይም የዜና ቪዲዮ በራሳችሁ ለምትሠሩ የሚጠቅም ነገር እናካፍላችሁ። እኛም እዚህ ኦስሎ በታክሲ ሥራ መሀል ነው የምንሠራው፤ ጊዜ የለንም። ስልክ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ፎቶ ፕሪሚየር ወይም ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ሲደርስ አልገባም ካለ ሌሊቱ ያልቃል።

ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «እንደገና ላኩልኝ» ይላል። ለላኪው ግን ይሄ ቀላል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ትግራይ ከኔትወርክ ውጭ ስትሆን፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ አንድ ፎቶ ማግኘት ምን ማለት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ስልኩ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ፎቶ የቀረው ብቸኛው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ኦሪጅናሉን አትንኩ፤ ኮፒ አድርጋችሁ በኮፒው ላይ ሥሩ።

1. የአይፎን ፎቶ ከሆነ
አይፎን ከ2017 እ.ኤ.አ. (አይኦኤስ 11) ጀምሮ ፎቶ የሚያስቀምጠው ኤችኢአይሲ በሚባል ፎርማት ነው። ቦታ ይቆጥባል፤ ግን አሮጌ ፕሮግራሞች አያነቡትም፣ ዊንዶውስም ተጨማሪ ኮዴክ ሊጠይቅ ይችላል። በማክ «ፕሪቪው»፣ በዊንዶውስ «ፔይንት» ከፍታችሁ ጄፔግ አድርጋችሁ ሴቭ አድርጉ። ለወደፊቱ በስልኩ የካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ፎርማት የሚለው ገብታችሁ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ምረጡ።

2. ከድረ ገጽ የወረደ ከሆነ
ጎግል በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዌብፒ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ያው ነው፤ ወደ ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ መለወጥ። ልብ በሉ፦ የፋይሉን ስም ጫፍ ብቻ መቀየር ምንም አይፈይድም። ጀሪካን ላይ «ዘይት» ብለህ ብትጽፍ ውስጡ ያለው ውሃ ዘይት አይሆንም። የፋይሉን እውነተኛ ማንነት ለማወቅ ኮፒውን በ«ኖትፓድ» ክፈቱት። የተዘበራረቀ ጽሑፍ ይመጣል፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ግን ፒኤንጂ ወይም ዌብፒ የሚለው በላቲን ፊደል ይነበባል። አይታችሁ ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉት።

3. ከማተሚያ ቤት የመጣ ፖስተር ከሆነ
ለኅትመት የተዘጋጀ ፎቶ ሲኤምዋይኬ በሚባል የቀለም አሠራር ይቀመጣል። ቪዲዮ የሚሠራው በአርጂቢ ነው። ስለዚህ ወይ አልገባም ይላል፣ ወይ ቀለሙ ተበላሽቶ ይገባል። በፎቶሾፕ ወይም በነፃው ጊምፕ ወደ አርጂቢ ለውጡት።

4. ፎቶው በጣም ትልቅ ከሆነ
ፕሪሚየር በአንድ ጎን ከ32,768 ፒክስል፣ በጠቅላላው ከ256 ሜጋፒክስል በላይ አይቀበልም። ስካን የተደረገ ትልቅ ሰነድ ወይም ካርታ እዚህ ላይ ይወድቃል። የተለመደው ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ 1,920 በ1,080 ብቻ ነው፤ ዙም ለማድረግ እንኳ 4,000 ፒክስል ይበቃል።

5. 40 ፎቶ አስገብታችሁ አንድ ሆኖ ከመጣ
ፎቶዎቹ በተከታታይ ቁጥር ሲሰየሙ ፕሮግራሙ እንደ ፊልም ይቆጥራቸዋል። በሴኮንድ 25 ፍሬም ሲሄድ 40ው ፎቶ ከ2 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ዳቪንቺ ላይ ፋይል በምትመርጡበት ቦታ ካሉት ሦስት ነጥቦች ገብታችሁ «ፍሬም ዲስፕሌይ ሞድ»ን «ኢንዲቪጅዋል» አድርጉት። ፕሪሚየር ላይ ደግሞ «ኢሜጅ ሲኩዌንስ» የሚለው ላይ ምልክት እንዳይኖር አረጋግጡ።

6. ትናንት ነበረ፣ ዛሬ ጠፋ
ፕሮግራሙ ፎቶውን ወደ ራሱ አይወስድም፤ ያለበትን አድራሻ ብቻ ነው የሚይዘው። ከፍላሽ ወይም ከስልኩ በቀጥታ አስገብታችሁ ገመዱን ከነቀላችሁ «ሚዲያ ኦፍላይን» ይላል። ሁሉንም መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ በአንድ ፎልደር ሰብስቡ፤ ክላውድ ላይ ያለውንም ሙሉ በሙሉ አውርዱ። የፋይል ስም በአማርኛ ከሆነና ካስቸገረ ኮፒውን አጭር የላቲን ስም ስጡት።

አሁን ዋናው ነገር
በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ጥራቱ ይቀንሳል። «እንደ ፋይል» ወይም «ዶክመንት» ሲላክ ግን ሙሉው ይመጣል። ጥሩ ነው፤ ግን አብሮት ፎቶው የተነሳበት ሰዓትና፣ የካሜራው ሎኬሽን ክፍት ከነበረ፣ ትክክለኛው ቦታም ይመጣል። እኛ ኦስሎ ተቀምጠን ያንን ኦሪጅናል ለሕዝብ ብንለጥፈው የላኪውን ደጃፍ አሳየን ማለት ነው።

ስለዚህ ለላኪው ሎኬሽኑን ከካሜራው እንዲያጠፋ ንገሩት። ኦሪጅናሉን ለማስረጃ ደብቃችሁ አስቀምጡ፤ መቼና የት እንደተነሳ የሚመሰክረው እሱ ነው። ፎቶውን ራሱን የምታጋሩ ከሆነ በዊንዶውስ ኮፒውን በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «ዲቴይልስ» ውስጥ ገብታችሁ መረጃውን አጥፉ። ኤክስፖርት የተደረገው ቪዲዮ የፎቶውን ሎኬሽን ይዞ አይሄድም፤ ምስሉ ላይ የሚታየውን ታፔላና ፊት ግን እናንተው ናችሁ የምትሸፍኑት።

ለሚጠቅመው ሰው አካፍሉ። ሰላም ሁኑልን።