ከሦስተኛው ክትባት በኋላ ያለው ምርመራ፦ የሄፓታይተስ ቢ የደም ጠቋሚዎችና የጌዴኦ ዞን የጤና ሠራተኞች

ኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን በሕፃናት መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ያካተተችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስለዚህ በዲላ፣ በይርጋጨፌና በዱመርሶ መርፌ ከሚወጉት፣ ከሚያዋልዱትና የጤና ተቋማትን ቆሻሻ ከሚያስወግዱት ሠራተኞች አብዛኞቹ የተወለዱት ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ካደጉ በኋላ ካልተከተቡ ወይም ቀድሞ በሽታው ይዟቸው ካልዳኑ መከላከያ የላቸውም። ያልተከተበ ሰው ቫይረሱ ባለበት መርፌ ሲወጋ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከ6 እስከ 30 በመቶ ሲደርስ፣ የኤችአይቪው 0.3 በመቶ ገደማ ነው። አደጋው የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ በጥቃቅን ቅጽበቶች ነው፦ የተወጋበትን መርፌ መልሶ ለመክደን ሲሞከር፣ ወይም አፉ ድረስ የሞላ ሴፍቲ ቦክስ በእጅ ሲጠቀጠቅ። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ለሠራተኛው ደኅንነት ወሳኙ ምርመራ በጤና ጣቢያ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ብቻ ሳይሆን፣ ከክትባት በኋላ የሚደረገው የፀረ እንግዳ አካል ልኬት ጭምር መሆኑን ነው።

ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገው የቫይረሱን የገጽ አንቲጂን ነው። በመመርመሪያው ላይ ሁለት መስመር ከታየ ቫይረሱ በደም ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ከስድስት ወር በላይ ከቆየም ሕመሙ ሥር የሰደደ ይባላል። የመቆጣጠሪያው መስመር ብቻ ሲታይ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች አንድ ዓይነት ውጤት ይዘው ይወጣሉ፦ ተከትቦ የተጠበቀው፣ ቀድሞ ታምሞ የዳነውና ምንም መከላከያ የሌለው። የሚለያቸው ሌሎቹ ጠቋሚዎች ናቸው። ክትባቱ የገጽ አንቲጂንን ብቻ ስለሚይዝ፣ የቫይረሱን እምብርት የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል የሚገኘው በተፈጥሮ በቫይረሱ በተያዘ ሰው ደም ነው። የገጽ አንቲጂኑን የሚቃወመው ደግሞ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒትና ከዚያ በላይ ሲሆን ጥበቃ እንዳለ ያመለክታል።

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ የገንዘብ ነው፦ ሦስቱን ዶዝ ከወሰዱ ጤነኛ አዋቂዎች ከአሥሩ ዘጠኙ መከላከያ ካዳበሩ፣ ገንዘቡ በሙሉ ለክትባት ቢውል አይሻልም ወይ? ክትባት ምርመራ መጠበቅ የለበትም፤ እስከዚህ ተቃውሞው ትክክል ነው። ክትባቱ ያልሠራለት አሥረኛው ሰው ግን ሦስት ዶዝ የተመዘገበበትን ካርድ ይዞ ራሱን እንደተጠበቀ ይቆጥራል። መርፌ የወጋው ዕለት ያለ መዘግየት ሊሰጠው የሚገባው የሄፓታይተስ ቢ ኢሚዩኖግሎቡሊንም «ተከትቧል» ተብሎ ሊቀር ይችላል። ዕድሜው ከ40 ባለፈ ሰው ደግሞ ክትባቱ ያለመሥራቱ ዕድል ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ፀረ እንግዳ አካሉ በዓመታት ውስጥ ስለሚቀንስ ልኬቱ አይጠቅምም ይላል። ይህ ግን ልኬቱ በጊዜው መደረግ እንዳለበት የሚያስረዳ ነው። ከመጨረሻው ዶዝ ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ 10 የደረሰ ሰው፣ ቁጥሩ በኋላ ቢወርድም የሰውነቱ የመከላከል ትውስታ ይቆያል። ከዓመታት በኋላ ብቻ የተለካ ሰው ግን ክትባቱ ያልሠራለት ይሁን መጠኑ የቀነሰበት አይለይም። ሦስተኛው ስጋት መገለልና ሥራ ማጣት ነው። መልሱ ውጤቱን በምስጢር መያዝና ቫይረሱ ለተገኘበት ሰው ክትትልን ማመቻቸት ነው፤ ቫይረሱን የሚያዳክመው ቴኖፎቪር በአገሪቱ የኤችአይቪ ሕክምና ውስጥ የታወቀ መድኃኒት ነው።

በመጠን የሚለካው ምርመራ የኤላይዛ መሣሪያን ወይም መሰሉን ስለሚፈልግ በየጤና ጣቢያው አይጠበቅም። ነገር ግን ለኤችአይቪ የቫይረስ መጠን ናሙና እንደሚላከው ሁሉ፣ የተለየ ሴረምም በቅዝቃዜ ወደ ተሻለ ላቦራቶሪ ሊላክ ይችላል። ምርመራው ለአንድ ሠራተኛ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከ10 በታች የሆነው ሁለተኛ ዙር ክትባት ይወስዳል፤ አሁንም ካልደረሰ የገጽ አንቲጂን ምርመራ ይደረግለታል፣ ነፃ ከሆነም መከላከያ እንደሌለው በማኅደሩ ይመዘገባል። የክትባት ካርዱ ሦስቱን ቀናት ብቻ ሳይሆን አራተኛ ረድፍ፣ ማለትም የልኬቱን ውጤት፣ እንዲይዝ ማድረግ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ግልጽ የሆነ የመጀመሪያ እርምጃ ነው።