ድድዎ ይደማል? ጥፋቱ የባክቴሪያ ብቻ አይደለም

በላስታና ላሊበላ፣ በአጠቃላይም በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፣ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችን ማየት የተለመደ ነው። ንቅሳቱ ለውበት፣ አንዳንዴም «ድድ ያጠነክራል» በሚል እምነት ይደረጋል። ይሁን እንጂ ንቅሳት የድድ በሽታን አያድንም። እንዲያውም የበሽታውን የመጀመሪያ ምልክት፣ የድድ መቅላትን፣ በጥቁር ቀለም ይሸፍነዋል። በጋራ መርፌ ሲደረግ ደግሞ ኤችአይቪንና ሄፓታይተስ ቢን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ለመሆኑ ድድ የሚታመመው እንዴት ነው?

መነሻው በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ የሚጋገረው፣ ፕላክ የተባለው የባክቴሪያ ሽፋን ነው። በወቅቱ ካልጸዳ ይጠጥርና የጥርስ ድንጋይ ይሆናል። ሃራልድ ሎ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥርሳቸውን ማጽዳት ያቆሙ ጤነኛ ወጣቶች ሁሉ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ድዳቸው ተቆጥቷል። ማጽዳት ሲጀምሩ ድነዋል።

ሁሉም ሰው ግን እኩል አይታመምም። እኚሁ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ጥርስ የመቦረሽ ልማድ ያልነበራቸውን የስሪላንካ የሻይ እርሻ ሠራተኞች ለ15 ዓመታት ተከታትለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ በሆነው ውጤት 8 ከመቶ ያህሉ በሽታው በፍጥነት፣ 81 ከመቶው በመጠኑ ሲብስባቸው፣ 11 ከመቶው ከድድ መቆጣት ያለፈ ጉዳት አልደረሰባቸውም።

የሰውነት መከላከያ ሚና

ለዚህ ልዩነት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው በሽታ የመከላከል ሥርዓታችን ነው። ባክቴሪያው ሲበዛ ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ድድ ይጎርፋሉ፤ ገዳይ ኬሚካሎችንም ይረጫሉ። ፕላኩ ካልተነሳ ፍልሚያው አይቆምም። ኬሚካሎቹ ጥርስን የያዙትን ጅማቶች ይበጣጥሳሉ፤ አጥንት የሚበሉ ሕዋሳትም ይነቃሉ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንደሚባለው፣ ባክቴሪያው ባጠፋ አጥንቱ ይጎዳል። ፔሪዮዶንታይተስ በሚባለው በዚህ ደረጃ የጠፋው አጥንት በራሱ አይመለስም፤ ጥርስም ይነቃነቃል።

አደጋውን የሚጨምሩ ሁኔታዎች

የስኳር በሽታ፦ በቁጥጥር ሥር ካልዋለ አደጋውን ወደ ሦስት እጥፍ ያሳድጋል። የታመመ ድድም በተራው የደም ስኳርን መቆጣጠር አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ሲጋራ፦ መከላከያውን ያዳክማል፤ የድድ የደም ዝውውርንም ስለሚቀንስ የአጫሽ ድድ ታሞም ላይደማ ይችላል።

እርግዝና፦ የሆርሞን ለውጡ ድድ ለትንሽ ፕላክ እንኳ እንዲቆጣ ያደርጋል።

መድኃኒቶች፦ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይንና ለደም ግፊት የሚሰጠው ኒፌዲፒን ድድን ሊያሳብጡ ይችላሉ።

ኤችአይቪና የምግብ እጥረት፦ መከላከያው ክፉኛ ሲዳከም ድድ ይቆስላል፤ ይበሰብሳልም።

የመጨረሻው አስከፊ ገጽታ ኖማ ነው። ከድድ ቁስል ይጀምርና በቀናት ውስጥ የፊትን ሥጋና አጥንት ይበላል። በብዛት የሚያጠቃው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ብዙ ጊዜም ከኩፍኝ ያገገሙ ሕፃናትን ነው። ካልታከመ እስከ 90 ከመቶ የሚሆኑትን ይገድላል። በሽታው በኢትዮጵያም ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ የመደበው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው። እንደ ላስታ ድርቅ በሚደጋገምባቸው አካባቢዎች የሕፃናትን አፍ መመርመር ቅንጦት ያልሆነው ለዚህ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ የአፍ ማጽጃና የተመጣጠነ ምግብ ያስቆሙታል።

ምን ይደረግ?

ድድ ሲደማ መቦረሽ ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው። ለስላሳ ብሩሽ ይጠቀሙ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይቦርሹ። መፋቂያም በአግባቡ ከተጠቀሙበት ፕላክን ያነሳል። የጠጠረውን የጥርስ ድንጋይ ግን ሐኪም ነው የሚያነሳው። የስኳር ሕመም ካለብዎ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ቋሚ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለጥርስ ሐኪምዎ ይንገሩ። ድድዎ ደጋግሞ የሚደማ ከሆነ ደግሞ የደም ስኳርዎን መመርመር ይበጃል።