ከቀብድ በፊት፦ በናይሮቢ ቦታ የገዛንበት ታሪክ

ብዙዎቻችን ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ያየን፣ ወይም ከወላጆቻችን የሰማን ነን። ስለዚህ ኬንያ መጥተን መሬት የሚሸጥበት አገር ስናገኝ ቸኮልን። እንደ አገራችን ልማድ ደላላ አምነን፣ በምስክሮች ፊት ቀብድ ሰጠን። ከመካከላችን ሻጩ የቦታው ባለቤት አለመሆኑን ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ያወቁ ወገኖች አሉ። ለቤት መሥሪያ የተጠራቀመው የዓመታት ላብ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱን ተማርን። ዋጋ ከመስጠታችን በፊት ጠበቃ ከመሬት መዝገብ ቤት ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ዕዳ ወይም እግድ እንዳለበት ያጣራል፤ ቀያሽም ወሰኑን ያሳየናል። የሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በምስክር ፊት ካልተፈረመ በፍርድ ቤት አይጸናም። በተለምዶ ከዋጋው 10 በመቶ የሆነው ቀብድም ሽያጩ እስኪያልቅ በጠበቃ እጅ ቢቆይ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ደግሞ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት የሚይዘው ከ99 ዓመት በማይበልጥ ሊዝ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። እንግዲህ ዜግነት ላልወሰድን ሰዎች፣ ለልጆቻችን የምናወርሰው የቀረውን ዘመን ነው። ስለዚህ ውድ ወገኖቻችን፣ «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «ስንት ዓመት ቀረው?» ብለን እንጠይቅ።