የሞት ምስክር ወረቀት ታሪክ በናይሮቢ፦ ስሙ የሚጻፈው የማን ነው?



በዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን የምናነሳው ርዕስ ደስ የሚል አይደለም፤ ነገር ግን ከመካከላችን የማይመለከተው ሰው የለም። ርዕሳችን የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ሰው ሲሞትብን ለቅሶ እንቀመጣለን፣ እንቀብራለን፣ እንደየእምነታችን አርባውን እናወጣለን ወይም ዱዓ እናደርጋለን። ወረቀቱ ግን በሐዘኑ መሐል ይረሳል። ኋላ ባልዋ የሞተባት እናት ለሪሴትልመንት ቃለ መጠይቅ ስትቀርብ «ባለቤትሽ የት ነው?» ስትባል «ሞቷል» ማለት ብቻውን አይበቃም። ውርስ ለመጠየቅ፣ ባንክ ያለ ገንዘብ ለማውጣት፣ እንደገና ለማግባት፣ ወላጅ ለሌለው ልጅ አሳዳጊ ለመሆንም ያው ወረቀት ይፈለጋል። ታዲያ ይህ ወረቀት ከየት መጣ? ለማንስ ይሰጥ ነበር?

በአገራችን እንዴት ነበር?

በኢትዮጵያ የሞተን ሰው የሚያስታውሰው ሕዝቡ ራሱ ነው። የእድር ጥሩምባ ይነፋል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እድሩ በመዝገቡ ይጽፋል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይቀብራል። የመንግሥት መዝገብ ግን በጣም ዘግይቶ ነው የመጣው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ ዝርዝር አንቀጾች ነበሩት። ሆኖም ቁጥር 3361 እነዚህ አንቀጾች ሥራ ላይ የሚውሉት በነጋሪት ጋዜጣ ማስታወቂያ ሲወጣ ነው ስለሚል፣ አገር አቀፉ መዝገብ ከ50 ዓመት በላይ ሳይጀመር ቆየ። በዚያ ሁሉ ዘመን የሰው ሞት የሚረጋገጠው በምስክሮች ቃልና በፍርድ ቤት ነበር። በመጨረሻ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጣ፣ ምዝገባውም ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀመረ። በኢትዮጵያ ለሚኖሩ ስደተኞች ደግሞ ጥቅምት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. ተጀምሯል።

ስለዚህ ብዙዎቻችን አገር ቤት ሳለን የሞት ወረቀት የሚባል ነገር ባናውቅ አይገርምም። ኬንያ ስንደርስ ግን ሌላ ታሪክ ያለው አሠራር ጠበቀን።

በኬንያ መዝገቡ ለማን ተከፈተ?

እንግሊዞች በአገራቸው የልደትና የሞት ምዝገባን በመንግሥት እጅ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። ይህንኑ አሠራር ይዘው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1904 ምዝገባ ሲጀመር ግዴታው ለአውሮፓውያንና ለአሜሪካውያን ብቻ ነበር። በ1906 እስያውያን ተጨመሩ። በ1928 አዲስ ሕግ ወጣ፤ ይህ ሕግ ከብዙ ማሻሻያ ጋር እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት የልደትና ሞት ምዝገባ ሕግ መሠረት ነው። ለአፍሪካውያን ግን ግዴታው በአንድ ጊዜ አልመጣም፤ ወረዳ በወረዳ እየተስፋፋ መላ አገሪቱን የሸፈነው በ1971፣ ማለትም ከነጻነት 8 ዓመት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያ መንግሥት አፍሪካዊውን መመዝገብ አቅቶት ነበር? በፍጹም። በ1915 በወጣ ሕግ መሠረት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አፍሪካውያን ወንዶች «ኪፓንዴ» የተባለ መታወቂያ በብረት ማኅደር አድርገው አንገታቸው ላይ እንዲያንጠለጥሉ ተገደዱ። የጣት አሻራቸው ሳይቀር ተወስዷል፤ ለማን እንደሚሠሩ ይጻፍበት ነበር። እንግዲህ ሰውየው ጉልበት እስካለው ድረስ ይመዘገባል፣ ሲሞት ግን መዝገብ የለውም ማለት ነው።

ካሪዮኮር የሚነግረን

ናይሮቢ የምትኖሩ ከኢስሊ ብዙ የማይርቀውን የካሪዮኮር ገበያ ታውቁታላችሁ። ስሙ የመጣው «ካሪየር ኮር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ስም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ከጀርመኖች ጋር በታንጋኒካ ሲዋጉ ጥይቱንና ስንቁን በጀርባቸው የተሸከሙት አፍሪካውያን ናቸው። ከእነዚህ ተሸካሚዎች በጥይት ከሞተው በበሽታና በረሃብ የሞተው ይበልጣል። ለሞቱት ነጭ ወታደሮች በስም የተጻፈ የመቃብር ድንጋይ ቆመላቸው። ለተሸካሚዎቹ ግን የስማቸው ዝርዝር እንኳ በወጉ አልተያዘም። በናይሮቢ መሐል ከተማ፣ በኬንያታ ጎዳና ላይ ሦስት የነሐስ ሐውልቶች ቆመውላቸዋል፤ የአንድም ሰው ስም ግን የለበትም።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የጦር መቃብሮችን የሚጠብቀው የኮመንዌልዝ ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ፣ አብዛኞቹ ከምሥራቅ አፍሪካና ከግብፅ የሆኑ ሟቾች በስማቸው ወይም ጭራሹኑ እንዳልታሰቡ አምኗል። ከመቶ ዓመት በኋላ ስም ፍለጋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ገምቱት። በሰዓቱ ያልተጻፈ ስም ኋላ ብዙ ያስለፋል።

ስደተኛስ?

የኬንያ ሕግ የሚለው በኬንያ ምድር የደረሰ ሞት ሁሉ ይመዝገብ ነው፤ ዜግነት አይለይም። በተጨማሪም ኬንያ በ1966 የተቀበለችው የ1951 የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 25፣ ስደተኛ ከአገሩ መንግሥት ማግኘት የሚገባውን ወረቀት ያስጠጋው አገር እንዲያሰጠው ይደነግጋል። ስለዚህ ወረቀቱን ስንጠይቅ ውለታ እየለመንን አይደለም፤ መብታችን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰው በሐኪም ቤት ከሞተ ሐኪሙ «ዲ 1» የተባለውን ቅጽ ይሞላል። በቤት ከሞተ «ዲ 2»ን የሚሞላው የአካባቢው አሲስታንት ቺፍ ነው። ድንገተኛ ወይም በአደጋ የደረሰ ሞት ከሆነ መጀመሪያ ፖሊስ ማወቅ አለበት። ከዚያ የቀብር ፈቃድ ይሰጣል። ልብ በሉ፦ የቀብር ፈቃድ የሞት ምስክር ወረቀት አይደለም! ብዙ ሰው ፈቃዱን ይዞ ቀብሮ «ጨረስን» ይላል። ምስክር ወረቀቱ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። በናይሮቢም ሆነ በሌላ ካውንቲ የሚሰጠው ቢሮ ሲቪል ሬጂስትሬሽን ይባላል። ሰው «የካውንቲ ቢሮ» ቢለውም የማዕከላዊው መንግሥት ነው። ማመልከቻው ዛሬ ኢ-ሲቲዝን በተባለው የመንግሥት ገጽ በኩልም ይገባል።

ስትሄዱ የቀብር ፈቃዱን፣ የሟቹን የስደተኛ መታወቂያ ወይም ማንዴት፣ የራሳችሁንም መታወቂያ ያዙ። የሟቹን ካርድ ከማስረከባችሁ በፊት ኮፒ አንሱ። ሞቱ ሳይመዘገብ 6 ወር ካለፈው «የዘገየ ምዝገባ» ስለሚሆን ተጨማሪ ማስረጃና ፈቃድ ይጠየቃል። ክፍያውን ከቢሮው ጠይቃችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ለደላላ አትስጡ።

እኛ ሐበሾች በተለይ የምንቸገርባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስም ነው። በእኛ ባህል ሚስት የባሏን ስም አትወርስም፤ የአባቷን ይዛ ትኖራለች። ለኬንያዊ ጸሐፊ ግን ባልና ሚስት ስማቸው ሲለያይ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ የጋብቻ ወረቀት ወይም የቤተሰቡ ዝርዝር ያለበት ሰነድ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። የሟቹ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍም በስደተኛ ካርዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። አንድ ፊደል ብትለወጥ ሌላ ቢሮ «ይሄ ሌላ ሰው ነው» ሊል ይችላል። ሁለተኛው ቀን ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2024 ነው። ቅጹ ላይ የሚገባው የፈረንጁ ነው። ሳይፈረም በፊት አንብቡት፣ ካልቻላችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ሬሳው ያልተገኘ፣ መሞቱም ያልታወቀ ዘመድ ያላችሁም አላችሁ። በመንገድ፣ በበረሃ፣ በባሕር የጠፉ ብዙ ናቸው። የኬንያ የማስረጃ ሕግ ስለ አንድ ሰው ሊሰሙ የሚገባቸው ሰዎች ለ7 ዓመት ወሬውን ካልሰሙ፣ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ እንደሞተ ይገመታል ይላል። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ወሬው ለ2 ዓመት ከጠፋ ፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ማመልከት ይቻላል። ይህ ግን የቢሮ ሳይሆን የፍርድ ቤት ጉዳይ ስለሆነ የነጻ ሕግ ምክር ከሚሰጡ ድርጅቶች ጋር መነጋገሩ ይሻላል።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ በክፍል ስታነቡ ከተማሪዎቻችሁ መካከል ወላጅ የሞተበት እንደሚኖር አትዘንጉ፤ ማንንም በስም ጠርታችሁ አትጠይቁ። ቅጽ መሙላት ግን አስተምሯቸው። ብዙ ቤት ውስጥ ቢሮ ሄዶ የሚያነበውና የሚጽፈው ልጅ ነው። የካሪዮኮር ተሸካሚዎች ስማቸውን የሚጽፍላቸው አላገኙም፤ የእኛን ሰዎች ስም የሚጽፉ ልጆች ግን በየክፍላችሁ ተቀምጠዋል።

ለክፍል ውይይት

1. የቅኝ ግዛት መንግሥት የሠራተኛውን የጣት አሻራ እየወሰደ ሞቱን ያልመዘገበው ለምን ይመስላችኋል?

2. የእድር መዝገብና የመንግሥት መዝገብ በምን ይለያያሉ? አንዱ ሌላውን ሊተካ ይችላል?

3. የራሳችሁን የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጡ፤ በካርዳችሁ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል?