የሐኪሙ ስምና የሕመምተኛው ቁስል

በሽታም ታሪክ አለው ስንል የሚስቁብን አሉ። ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ብቻ ነው ያለው ማነው? እስቲ ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ያልሰማነውን ዶኖቫኖሲስ የሚባል የአባላዘር በሽታ እንመልከት።

በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1882 በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ ጽፎ ያስተዋወቀው ኬኔት ማክሊዮድ የተባለ ሐኪም ነው። በብልት አካባቢ የሚወጣው ቁስል እንደ ጥሬ ሥጋ ይቀላል፤ ሲነኩት ይደማል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አያምም። ስለማያም ባለቤቱ ይደብቀዋል፤ ቁስሉም ቀስ እያለ ዙሪያውን ይበላል።

በ1905 ካልካታ የተወለደው አይርላንዳዊ ሐኪም ቻርልስ ዶኖቫን ማድራስ ውስጥ ከቁስሉ በወሰደው ናሙና ጥቃቅን አካላት አየ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የተዘጋ መርፌ ቁልፍ ይመስላሉ። በ1943 ካትሪን አንደርሰን በዶሮ ጽንስ አስኳል ውስጥ አሳደገቻቸው። ባክቴሪያ መሆናቸውም ተረጋገጠ።

ይህ ዶኖቫን ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ1903 እሱና ሌይሽማን የካላዛርን ተሐዋሲ በየፊናቸው አግኝተዋል። ሁመራና መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደውን ደሃ ሠራተኛ የሚጥለው ተሐዋሲ ስሙ ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ ነው። ሁለቱ በሽታዎች ዝምድና የላቸውም፤ ካላዛር በአሸዋ ዝንብ፣ ዶኖቫኖሲስ በአብዛኛው በግብረ ሥጋ ይተላለፋል። ያገናኛቸው መድኃኒት ነው። በ1912 ብራዚላዊው ጋስፓር ቪያና የሌይሽማኒያን ቁስል በአንቲሞን ጨው ማከም ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ለዶኖቫኖሲስም ዋለ።

ታዲያ በሽታው የት ጸና? በሕንድ፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በብራዚልና በአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ዘንድ። እንዲህ ሲሆን ጣትን «ልቅ ናቸው» ብሎ በሕዝቡ ላይ መቀሰር ቀላል ነው። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ክሊኒኩ ስንት ቀን ያስኬዳል? ገብቶስ ልብሱን ገልጦ ቁስሉን ለማሳየት የሚደፍር ማነው?

መልሱን አውስትራሊያ ሰጥታናለች። ከ2001 እስከ 2004 በተካሄደው የማጥፋት ዘመቻ የጤና ሠራተኞች ሠለጠኑ፤ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አዚትሮማይሲን ቁስሉ እስኪድን ድረስ ተሰጠ፤ በሽታውም ከሞላ ጎደል ጠፋ። ዘር አልተለወጠም፤ የቀረበው ሕክምናው ነው።

መጻሕፍት የዶኖቫንን ስም ያነሣሉ። ቁስሉን ያሳየውን የማድራስ ሕመምተኛ ስም የጻፈ ግን አላገኘንም። ያ ሰው እፍረቱን ዋጥ አድርጎ ባይቀርብ ሐኪሙ ምን ያይ ነበር? ስለዚህ ከመካከላችን ቁስል ያየ ቢኖር አይደብቅ፤ የሰማነውም አንሣቅ። በሽታው የሚያድገው በዝምታችን ነው።