ጆሮና መሪ፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በጃፓን መንጃ ፈቃድ ያገኙበት ታሪክ

አውቶሞቢል በዓለም መንገዶች ላይ መታየት ከጀመረ ወዲህ መንግሥታት ሁሉ መሪው ለማን እንዲሰጥ በየሕጋቸው ለመወሰን ሞክረዋል። ዕድሜ ተቈጠረ፤ ዓይን ተመረመረ፤ የእጅና የእግር ጤንነት ታየ። የጆሮ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ክርክር አስነሣ። በአሜሪካ በ1920ዎቹ ዓመታት (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከክፍለ ግዛቶቹ አንዳንዶቹ መስማት ለተሳነው ሰው መንጃ ፈቃድ ከልክለው ነበር። በ1880 የተቋቋመው የአገሪቱ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር ግን ነገሩን በዝምታ አላለፈውም፤ አባሎቹ በጥንቃቄ እንደሚነዱ እየጠቀሰ ተከራከረ፤ ክልከላውም በየጊዜው ተነሣ። በጃፓን ይኸው ጉዳይ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

በ1960 የወጣው የጃፓን የመንገድ ትራፊክ ሕግ በ88ኛው አንቀጽ ፈቃድ የማይሰጣቸውን ሰዎች ሲዘረዝር፣ መስማት የማይችለውንና መናገር የማይችለውን ሰው አብሮ ቈጠረ። ልብ ሊባል የሚገባው የአንቀጹ አነጋገር ነው። ሕጉ «መንዳት ያልቻለ ሰው» አላለም፤ ሰውየው ችሎታውን ለማሳየት ወደ ፈተናው ሜዳ ከመድረሱ በፊት በሩ ተዘጋበት። የመስማት መለኪያውም በ10 ሜትር ርቀት የ90 ዴሲቤል ጡሩምባ መስማት ነበር። መስኮቱን ዘግቶ፣ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ የሚነዳ ጆሮ ያለው ሰው ያንኑ ጡሩምባ ይሰማው እንደ ሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም።

ዘመኑ ጃፓን የመኪና ፋብሪካዎችዋን የምታስፋፋበት፣ ሠራተኛውም ሥራውን በመኪና መሥራት የጀመረበት ነበረ። ስለዚህ ፈቃድ ማጣት ለአናጢውም ሆነ ለነጋዴው እንጀራ ማጣት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግድም በሰሜን በኩል ባለው በኢዋቴ አውራጃ አንድ መስማት የተሳነው ሰው ያለ ፈቃድ ነድተሃል ተብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። በ1947 የተመሠረተው የመላው ጃፓን መስማት የተሳናቸው ሰዎች ፌዴሬሽን በነበረበት አገር ይህ የአንድ ሰው ክስ ብቻ ሆኖ ሊቀር አልቻለም፤ ፈቃድ የማግኘት ጥያቄ የብዙዎች ጥያቄ ሆነ። በ1973 ፈተናውን በመስሚያ መሣሪያ እየታገዙ ማለፍ ተፈቀደ። ይህም ጆሯቸው ለደከመ ሰዎች ትልቅ ነገር ነበረ፤ ፈጽሞ የማይሰሙት ግን እንደ ቀድሞው ከደጅ ቀሩ።

የክልከላው ደጋፊዎች ፍርሃት ከንቱ ነበር ለማለት አይቻልም። የአምቡላንስ ጩኸት፣ የባቡር መሻገሪያ ደወል፣ ከኋላ የሚመጣ መኪና ጡሩምባ፣ ሁሉም በጆሮ የሚደርሱ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። ነገር ግን አምቡላንስ መብራት አለው፤ የጃፓን የባቡር መሻገሪያም ከደወሉ ጋር ቀይ መብራት ያበራል፤ ሕጉም ማንኛውም ነጂ ከሐዲዱ በፊት ቆሞ እንዲያይ ያዛል። ከኋላ የሚመጣውን ደግሞ ስፖኪዮ ያሳያል።

ለመምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው አሠለጣጠኑ ነው። ለሚሰማ ተማሪ አሠልጣኙ መኪናው እየሄደ «ማርሽ ቀይር፤ ፍሬን ያዝ» እያለ ይናገራል። የማይሰማ ተማሪ ግን ዓይኑን ከመንገዱ አንሥቶ የአሠልጣኙን እጅ ቢመለከት አደጋ ይደርስበታል። ስለዚህ ትምህርቱ ከጉዞው ይቀድማል። መኪናው ቆሞ ሳለ መንገዱ በወረቀት ይነደፋል፤ ለግራ፣ ለቀኝና ለማቆም በዓይን ጥግ የሚታዩ ጥቂት የእጅ ምልክቶች ይወሰናሉ፤ ከዚያ በኋላ ጉዞ ይጀመራል። ስሕተት ሲደርስ መኪናው ዳር ይይዛል፤ ማብራሪያው በጽሑፍ ወይም በምልክት ቋንቋ ይሰጣል። ሌላው ተማሪ በሞተሩ ድምፅ የሚያውቀውን የማርሽ መቀየሪያ ጊዜ ይህኛው ከመቀመጫው፣ ከመሪውና ከፍሪሲዮኑ ንዝረት ይማረዋል። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ተማሪው ከመነሣቱ በፊት የጉዞውን አሳብ በሙሉ መያዝ ግድ ስለሚሆንበት፣ የአሠልጣኙን ቃል እየጠበቀ ከሚነዳው በዚህ ረገድ ሳይሻል አይቀርም።

የ1960ው ክልከላ ከሕጉ የተሰረዘው በ2001 በተደረገው ማሻሻያ ነው፤ ማሻሻያውም በተከታዩ ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። ይሁን እንጂ የ10 ሜትሩ የጡሩምባ ፈተና በቦታው ስለ ቀረ፣ አንቀጹ ቢጠፋም ውጤቱ አልጠፋም። እውነተኛው ለውጥ የመጣው በሰኔ 2008 ነው። ያን ጊዜ ጡሩምባውን በመሣሪያ እንኳ የማይሰማ ሰው፣ ሰፊ ስፖኪዮ በመኪናው ውስጥ ካደረገና የተወሰነውን ምልክት ከለጠፈ፣ የቤት መኪና እንዲነዳ ተፈቀደለት።

ምልክቱ በአረንጓዴ ክብ ላይ የተሣለ ቢጫ ቢራቢሮ ሲሆን ክንፎቹ የጆሮ ቅርጽ አላቸው። ያን ምልክት የለጠፈ መኪና ላይ ያለ ምክንያት የሚጠጋ ወይም በፊቱ የሚገባ ነጂ ይቀጣል። ምልክቱ ጥበቃ ነው ወይስ ሰውን ነጥሎ ማሳያ? በአንድ በኩል፣ በጃፓን ጀማሪ ነጂዎች ከ1972 ጀምሮ፣ ሽማግሌዎችም ከ1997 ጀምሮ የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው ነገሩ እንግዳ አይደለም። በሌላ በኩል ግን የጀማሪው ምልክት ከአንድ ዓመት በኋላ ይነሣል፤ የቢራቢሮው ግን ሃያ ዓመት ያለ አደጋ ከነዳውም ሰው መኪና ላይ አይወርድም። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

በ2012 ፈቃዱ ወደ ጭነት መኪናና ወደ ሞተር ብስክሌት ተስፋፋ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካም የፌዴራሉ መንግሥት በማኅበሩ ጥያቄ መሠረት ለ40 መስማት የተሳናቸው የከባድ መኪና ነጂዎች ከመስማት መለኪያው ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ ሰጠ። ጃፓን በ2016 በመስሚያ መሣሪያ ለሚሰሙ ሰዎች ታክሲና አውቶቡስ መንዳትን ፈቀደች። በመሣሪያም የማይሰሙት ግን በዚያ ውሳኔ ውስጥ አልገቡም፤ ለእነርሱ ጭነት ማመላለስ ሲፈቀድ፣ ተሳፋሪ ማመላለስ ሳይፈቀድ ቀረ።