ፊደልና ጣት፤ ተች ስልክና ታብሌት በዕለታዊ ኑሮ ላይ ያመጡት ለውጥ ታሪካዊ አመጣጥ

መግቢያ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ የሚገኘው የሲ.ኤም.ሲ ሠፈር ስሙን ከአንድ የኢጣልያ የሥራ ተቋራጭ ኩባንያ መነሻ ፊደላት እንዳገኘ ይነገራል። ሦስቱ የላቲን ፊደላት በእኛ ፊደል ሲጻፉ አራት ሆነዋል፤ ዛሬ ግን በታክሲ ረዳት አፍ እንደ ማናቸውም ያገር ስም ይጠራሉ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከውጭ አገር የመጣ መሣሪያ ወደ ቤታችን ሲገባ እኛ ለመሣሪያው እንገብራለን ወይስ መሣሪያው ለእኛ ይገብራል የሚለውን ጥያቄ በጣት በሚነካው ስልክ፣ ማለት ሕዝቡ «ተች ስልክ» በሚለውና በታብሌት አማካይነት ለመመርመር ታስቧል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ/ም የሚለው ያገራችንን፣ እ/ኤ/አ የሚለው የአውሮፓን አቈጣጠር ያመለክታል።

፩. ጣትና ፊደል በቀድሞ ዘመን

ጣትን ከፊደል ጋር ማገናኘት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በየኔታ ፊት የተቀመጠ ሕፃን ፊደልን የሚማረው በስንደዶ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየጠራ ነው። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ያሳተሙት የፊደል ገበታ በየቤቱ ከገባ ወዲህም ሥርዓቱ ያው ነበር፤ ዓይን ያያል፣ ጣት ይነካል፣ አፍ ይናገራል። ገበታው ፊደሉን በቤተሰብ በቤተሰብ ይደረድረዋል፤ ከግዕዙ ተነሥቶ ካዕቡን፣ ሣልሱን እያለ እስከ ሳብዕ ይወርዳል። ይህን አደራደር አንባቢ በልቡ ቢይዘው መልካም ነው፤ ኋላ ተመልሰን እንመጣበታለንና።

በሌላ በኩል ደግሞ ጣት ያለመማር ምልክት ሆኖ ቈይቷል። መጻፍ የማይችል ሰው በውል ወይም በአቤቱታ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል፤ ጽሑፉን ግን ሌላ ሰው ይጽፍለታል። ማመልከቻ ጸሐፊ በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ የባለጉዳዩን ቃል በብርዕ ይለውጥ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ/ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከዓላማዎቹ አንዱ ይህን የጣት አሻራ በፊርማ ማስተካት ነበር። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን እድገት ማለት ከጣት ወደ ብርዕ መሻገር ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ ብርዑን ያስቀመጠው እጅ ወደ ጣቱ ተመልሷል።

፪. ፊደል ለመኪና ሲገብር

የግዕዝ ፊደል ወደ ማተሚያ መኪና የገባው በውጭ አገር ነው። እ/ኤ/አ በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በሮም ከተማ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በማተሚያ ቤት ሥራ የፊደሉ ብዛት ያን ያህል ችግር አልሆነም፤ ለቃሚው ከሣጥኑ እያንዳንዱን እርሳስ ማንሣት ይችላልና። ችግሩ የመጣው ከጽሕፈት መኪና ጋር ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎችና ቍጥሮች ሲጨመሩ ከዚህ ይበዛሉ። ለላቲን ፊደል የተሠራ የጽሕፈት መኪና ግን ከ40 በጥቂት የሚበልጡ ቍልፎች ብቻ አሉት።

ይህን ችግር ለመፍታት በመጀመሪያ ከደከሙት ኢትዮጵያውያን መካከል ኢንጂነር አያና ብሩ ይገኙበታል። የተገኘው መፍትሔ ፊደሉን በብልት በብልቱ መክፈል ነበር፤ አካሉ በአንድ ቍልፍ፣ ቅጥያው በሌላ ቍልፍ ይመታል። በዚህ ዘዴ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ዘመን ሠርተዋል፤ ነገር ግን ቅጥያው ከአካሉ የራቀበት ወይም የተደረበበት ደብዳቤ ማየት የተለመደ ነበር። ፊደሉ ቍጥሩ ይቀነስ የሚል ክርክር በሊቃውንት መካከል ከተነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የመኪና ችግር ነው። ነገሩ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ መኪናው ስለጠበበ የታመመው ፊደሉ ነው ተባለ።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ሁለተኛው ምዕራፍ ተከፈተ። እ/ኤ/አ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ አቶ ፍስሐ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ፣ በአገር ውስጥም የብሔራዊ ኮምፒዩተር ማእከል «አጋፋሪ» በተባለው ፕሮግራም፣ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር እንዲጻፍ አድርገዋል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደላቱ የሰጠው ቍጥር የተለያየ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ይህ የባቢሎን ቋንቋ መፍትሔ ያገኘው እ/ኤ/አ በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መለያ በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል በተቀበለ ጊዜ ነው። እ/ኤ/አ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የሚባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ።

ቍልፉ ግን አሁንም የላቲን ነው። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያዘጋጁት «ሴራ» የተባለው ሥርዓት የአማርኛን ድምፅ በላቲን ፊደላት የሚወክል ሲሆን፣ በርሱ መንገድ የተሠሩት የመጻፊያ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። «ሰላም» ለማለት የሚሻ ሰው በላቲን ፊደላት አምስት ቍልፍ ይመታል፤ መኪናው ወደ ግዕዝ ይመልስለታል። ይህ ብልሃት ለተማረ ሰው ፈጣን ነው። ነገር ግን አማርኛን በራሱ ፊደል ለመጻፍ አስቀድሞ የላቲንን ፊደል ማወቅ ግድ ሆነ። በየኔታ ቤት ተምረው ዳዊት የደገሙ አዛውንት በገዛ ፊደላቸው ለመጻፍ የልጅ ልጃቸውን ለመኑ።

፫. የሚነካው መስተዋት

በጣት የሚታዘዝ ገጽ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ኩባንያ ፈጠራ አይደለም። እ/ኤ/አ በ1965 ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ አሳቡን በጽሑፍ ገለጸ፤ እ/ኤ/አ በ1970ዎቹም ቤንት ስተምፕና ፍራንክ ቤክ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማእከል ለግዙፍ መሣሪያ መቈጣጠሪያ ተጠቀሙበት። ወደ ተራው ሰው ኪስ በሰፊው የገባው ግን እ/ኤ/አ በ2007 አይፎን ከወጣ፣ በተከታዩም ዓመት በአንድሮይድ የሚሠራ ስልክ ከተከተለ በኋላ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። መስተዋቱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ በዓይን የማይታይ ስስ ልባስ አለው። የሰው አካል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ጣት በተጠጋበት ቦታ የሚኖረው ለውጥ ይለካል፤ ስልኩም ቦታውን ያውቃል። ስለዚህ በስንደዶ ቢነኩት አይሰማም። ውኃ የነካው እጅ ያሳስተዋል፤ በሥራ ብዛት የጠነከረና የደረቀ ጣትም አንዳንድ ጊዜ አልታዘዝ ይለዋል። እንጀራ በምትጋግር ሴትና ድንጋይ በሚጠርብ ሠራተኛ እጅ መሣሪያው በጽሕፈት ቤት ሠራተኛ እጅ እንዳለው አይሆንም።

ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። በመስተዋቱ ላይ ያለው ቍልፍ ሥዕል ብቻ ነው፤ ሥዕል ደግሞ ይለወጣል። ስለሆነም 40 ቍልፍ ብቻ ይበቃል የሚለው አሮጌ ሕግ ተሻረ። ዛሬ ከሚሠራባቸው የአማርኛ መጻፊያዎች አንዳንዶቹ ግዕዙን ብቻ ደርድረው ያሳያሉ፤ ተጠቃሚው አንዱን በነካ ጊዜ የቤተሰቡ ፊደላት ከላይ ተሰልፈው ይወጣሉ፤ እርሱም የሚፈልገውን ይመርጣል። አንባቢ እንደሚያስተውለው ይህ የየኔታ ገበታ ነው። ከፖትከን ማተሚያ ጀምሮ በመጣው ረጅም ጕዞ፣ በእጅ የሚያዝ የመጻፊያ መሣሪያ በፊደሉ ሥርዓት ሲደራጅ ይህ የመጀመሪያው ሰፊ አጋጣሚ ነው።

፬. በከተማችን የታየው ለውጥ

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ/ም፣ የሞባይል ስልክ በ1991 ዓ/ም ተጀመረ። ከግንቦት 1997 ዓ/ም ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። ሲከፈትም የብዙው ሰው ስልክ የግዕዝን ፊደል ስለማያውቅ፣ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ልማድ ሆነ። የቻይናው ቴክኖ እ/ኤ/አ በ2011 በአገራችን መገጣጠሚያ ከከፈተ፣ አዲስ አበባም በ2007 ዓ/ም የአራተኛውን ትውልድ ኔትወርክ ካገኘች በኋላ ተች ስልክ በፍጥነት ተስፋፋ።

እዚህ ላይ ከበለጸጉት አገሮች ታሪክ የሚለየን ነገር አለ። በዚያ ሰው አስቀድሞ በቤቱ ኮምፒዩተር ነበረው፤ ተች ስልክ በዚያ ላይ ተጨመረለት። በእኛ ዘንድ ግን ኮምፒዩተር የመሥሪያ ቤት፣ የኢንተርኔት ቤትና የጽሕፈት ሱቅ ዕቃ ነበር። ለአብዛኛው ነዋሪ የግሉ የሆነው የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ይኸው በኪሱ ያለው መስተዋት ነው። ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ከርሱም በኋላ ታይፒስቷ በመካከል ሆነው የሠሩት ሥራ በከፊል ወደ ባለጉዳዩ እጅ ተዛወረ።

የሲ.ኤም.ሲ መንገድ ይህን ለውጥ በግልጽ ያሳያል። በ2008 ዓ/ም ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የምሥራቅና የምዕራብ መሥመር በዚህ ሠፈር ያልፋል፤ በመንገዱ ዳር በባቡር፣ በታክሲና በስልክ የሚጠራ መኪና የሚጠባበቀው ሰው ጐን ለጐን ይቆማል። በወይዘሮ ሳምራዊት ፍቅሩ የተመሠረተው ራይድ በመተግበሪያው ብቻ ሳይወሰን፣ ተች ስልክ የሌለው ሰው በ8294 ደውሎ መኪና እንዲጠራ በር ከፍቷል። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ/ም የተጀመረው ቴሌብርም እንዲሁ ነው፤ በመተግበሪያ ለሚጠቀመው መተግበሪያ፣ ባለ ቍልፍ ስልክ ለያዘው ደግሞ *127# አለው። አዲሱ ነገር የተስፋፋው አሮጌውን በር ክፍት በመተው ነው።

ነገር ግን ችግሩም መታየት አለበት። «ልጄ፣ እስቲ ይህን ብር ላኪልኝ» የምትል እናት ስልኳን ስትሰጥ የምሥጢር ቍጥሯንም ትሰጣለች። ያን ጊዜ አማላጁ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር፤ ዛሬ ልጅ፣ ጎረቤት ወይም ባለሱቅ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊው የሚያውቀው አንድን ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ስልኩን የያዘው ሰው ግን የእናቲቱን ገንዘብ፣ ደብዳቤና ዘመድ ሁሉ በእጁ ይዟል። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የቆመው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት፣ ፋይዳ፣ የጣት አሻራን ከዓይንና ከፊት ምስል ጋር ሲመዘግብ ደግሞ፣ በ1971 ዓ/ም የመሃይምነት ምልክት የነበረው አሻራ የማንነት ማስረጃ ሆኖ ተመልሷል።

፭. የወንጪ ሙከራ የሚያስተምረን

መሣሪያው ብቻውን ምን ሊያደርግ ይችላል ለሚለው ጥያቄ በአገራችን የተደረገ አንድ ሙከራ አለ። እ/ኤ/አ በ2012 «ለአንድ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት በፀሐይ ኀይል የሚሞሉ ታብሌቶች ያለ አስተማሪ ሰጠ። መሪው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት፣ አንድ ሕፃን በአራት ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ መሣሪያውን አበራ፤ በአምስት ወር ውስጥም ሕፃናቱ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱ።

ይህ የሕፃናቱን ብልህነት ያሳያል፤ የጣትን መሣሪያ ለመጀመር ማንበብ እንደማያስፈልግም ያስረዳል። ዳሩ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ የዘመሩት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ነበር። መሣሪያው የያዘውን ሰጣቸው፤ ያልያዘውን የእናታቸውን ቋንቋ ሊሰጣቸው አልቻለም። ይህ የመስተዋቱ ጥፋት ሊባል አይችልም፤ በመስተዋቱ ላይ ምን እንደሚሣል የሚወስነው ሰው ነው።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ምሳሌ አራተኛው የሕዝብና የቤት ቆጠራ ነው። ለቆጠራው ወደ 180 ሺህ የሚጠጋ ታብሌት ተገዝቶ ነበር፤ ቆጠራው ግን በአገሪቱ በነበረው የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት በ2011 ዓ/ም ለሦስተኛ ጊዜ ተላለፈ። መሣሪያው ተዘጋጅቶ ሳለ፣ በር አንኳኩቶ ሰው የሚቈጠርበት ሰላም ጐደለ።

መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከተው ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ የጽሕፈት መኪናና የኮምፒዩተር ቍልፍ የግዕዝን ፊደል ለራሳቸው ጥበት ሲያስገብሩት ኖረዋል፤ ተች መሣሪያ ግን ይህን ምክንያት አስወግዶታል። «ፊደላችን ለመኪና አይመችም» የሚለው ክርክር መሠረቱ ተናደ። ይህ ሁሉ ሆኖ ብዙ ወጣት በተች ስልኩ አማርኛን በላቲን ፊደል ሲጽፍ ይታያል፤ መሣሪያው ሲለወጥ ልማዱ ወደ ኋላ ቀርቷልና። ልማድን የሚለውጥ ትምህርት ቤትና ቤተሰብ ነው፤ አንድ ሕፃን ገበታውን በስልኩ ላይ እንዲያገኘው ማድረግ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ በጣት መንካት ማንበብን አይተካም። ሥዕል ነክቶ ብር የሚልክ ሰው የተጻፈለትን ውል ካላነበበ፣ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ካተመው አያቱ ብዙ አልራቀም። በ1971 ዓ/ም የተጀመረው የማስተማር ሥራ እንግዲህ አላለቀም፤ ይልቁንም ስሕተት በአንድ ንክኪ ገንዘብ በሚያሳጣበት በዚህ ዘመን አስፈላጊነቱ በርትቷል። በየቀበሌው ለአረጋውያን የስልክ አያያዝና የምሥጢር ቍጥር አጠባበቅ የሚያስተምር ሰው ቢመደብ፣ የጽሑፍ ማዘዣዎችም በሚነበብ አማርኛና በሌሎቹ ያገር ቋንቋዎች ቢዘጋጁ፣ መስተዋቱ ለባለቤቱ ይገብራል። ያለዚያ ግን የማመልከቻ ጸሐፊው ወንበር ቦታውን ለወጠ እንጂ ባዶ አልሆነም።